ተቀምጦ የተሄደ መንገድ

ጋሽ ሲላስ እግራቸውን ወደ ሽመናው ጉድጓድ ከማውረዳቸው በፊት፣ በየማለዳው፣ ስልካቸውን ቀኝ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ያስሩ ነበር። ማሰሪያው ከጋቢ ጫፍ የተረፈ ቀጭን ጥለት ነው። ሁለት ጊዜ ይጠመጥሙታል፣ ይቋጥሩታል፣ በጣታቸው ገፋ አድርገው መጥበቁን ያያሉ። ከዚያ «እንሂድ እንግዲህ» ይላሉ፤ ለእግራቸው ነው የሚሉት።

የሚሄዱበት አልነበረም። ሽሮ ሜዳ ያለው ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። ከመስኮቱ ሥር ወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ተቆፍሯል። ጋሽ ሲላስ ጠርዙ ላይ ይቀመጡና ባዶ እግራቸውን ወደ ታች ይሰዳሉ። ከታች ሁለት ገመዶች አሉ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ፣ በአውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መካከል ይዘው፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ይረግጣሉ። በረገጡ ቁጥር ድሩ አፉን ይከፍታል፣ መወርወሪያው ማጉን ይዞ ያልፋል። ከአሥራ ሦስት ዓመታቸው ጀምሮ አርባ አምስት ዓመት እንዲህ ረግጠዋል። እኔና እናቴ ከግድግዳው ማዶ ያለውን ክፍል ተከራይተን ስለምንኖር ያ ድምፅ ሰዓታችን ነበር። እሳቸው ሲጀምሩ እንነሣለን፣ ሲያቆሙ ራት እናቀርባለን።

ስኳር እንዳለባቸው ያወቁት ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ሚልካ ጎትተው ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። እዚያ ያገኘቻቸው ነርስ እፀገነት ትባላለች፤ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል» አለቻቸው። «ክብደትዎም ዘጠና አራት ኪሎ ነው። ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ይውሰዱ። ጣፋጭ ይተዉ። በቀን ግማሽ ሰዓት ደግሞ በእግርዎ ይሂዱ።»

«በእግር መሄድ መድኃኒት ነው እንዴ?»

«ብቻውን አይደለም። ከኪኒኑ ጋር ግን በጣም ይረዳዎታል፣ ስኳሩን ያወርደዋል። ክብደቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው፣ በእሱ አይቸኩሉ።» ቀና ብላ እግራቸውን አየች። «እግርዎን በየቀኑ ይዩት። ስኳር ባለቤቱ ሳያውቅ እግር ያደነዝዛል። ከዚያ ትንሽ ቁስል ይበቃዋል።»

ጋሽ ሲላስ ሳቁ። «ሲስተር፣ ሰው ሸማኔ በእጁ የሚሠራ ይመስለዋል። እጅ ተላላኪ ነው። ሥራው የእግር ነው። እግሬን ከነካብኝ አለቀልኝ።»

«እኮ፣ ለዚያ ነው ይሂዱ የምልዎት» አለች እፀገነት።

ልጃቸው አይዳ ዊንጌት አካባቢ ነው ያገባችው። ይህን በሰማች በሁለተኛው ቀን ሸራ ጫማ ይዛ መጣች። የምትሠራበት ቢሮ ሰው ሁሉ እርምጃውን በስልክ ይቆጥራል። የአባቷን ስልክ ተቀብላ መቁጠሪያውን ጫነችበት።

«አባዬ፣ በቀን አሥር ሺህ። በቃ። ሌላ ነገር አልጠይቅህም። ማታ ማታ እየደወልኩ ቁጥሩን ብቻ ትነግረኛለህ።»

«ካልሞላስ?»

«ካልሞላ እኔው መጥቼ እያስሮጥኩህ አዞርሃለሁ፣ ሰፈር እስኪስቅብህ።»

ሦስት ማለዳ ወጡ። አዲሱን ጫማ አድርገው፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ በእጃቸው ይዘው፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ሄደው ተመለሱ። በመጀመሪያው ቀን ላብ በላብ ሆነው ሲገቡ እናቴ ከበሩ ላይ «ወጣት ሆኑ እኮ» ብላ አሞገሰቻቸው። በሁለተኛው ቀን እያፏጩ ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን ሲገቡ አላየናቸውም። በአራተኛው ቀን ጫማው ከበሩ ጀርባ ቆሞ ቀረ።

«ምነው ቀሩ?» አልኳቸው።

«ጉልበቴ» አሉኝ። ወደ ጉልበታቸው ግን አላዩም።

አይዳ ግን በየምሽቱ ትደውላለች። ጋሽ ሲላስ ለሁለት ቀን ዋሹ። «አሥር ሺህ ከምናምን» ይላሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። በሦስተኛው ምሽት አይዳ «ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አለች። ሊጨንቃቸው ሲል ስልኩን ከሱሪ ኪሳቸው አውጥተው አዩት። ቀኑን ሙሉ ኪሳቸው ውስጥ ረስተውት ሲሸምኑ ነው የዋሉት። አራት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። ሳቃቸው በግድግዳው አልፎ እኛ ጋ መጣ።

በማግስቱ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አሰሩት። አሥራ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተቀምጠህ እኮ ነው» አሏቸው እትዬ ሚልካ።

«ስልኩ የሚቆጥረው ቂጤን አይደለም። እግሬን ነው።»

«እሱ ማሽን ነው፣ ምን ያውቃል።»

«አይዳ የጫነችው ነው። አይዳ ካንቺም ከእኔም የተሻለ ታውቃለች።»

እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ ላቡ ይወርዳል፣ ማታ ቁርጭምጭሚቱ ይዝላል። እኔም ተምሬአለሁ የምል ሰው ሆኜ ቁጥሩን እያየሁ ይሆናል እንዴ ብዬ አስቤ ነበር።

ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ያለው ሱቅ የኑሪ ነው። ቤተሰቦቹ ከወራቤ የመጡ ናቸው። ነገሩን ሲሰማ አልለቀቃቸውም።

«ጋሽ ሲላስ፣ ዛሬስ የት ደረሱ?»

ጋሽ ሲላስ ተወልደው ያደጉት ጨንቻ ነው፤ ለመስቀል ወደ አገር ቤት ከሄዱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። «ወደ አገሬ እየሄድኩ ነው» አሉት ለቀልድ። ኑሪ ቀልዱን አነሣው። የካርቶን ክዳን ቆርጦ ከመደርደሪያው ጀርባ ለጠፈና ከተማዎቹን በመስመር ጻፈ፤ ቡታጅራ፣ ወራቤ፣ ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ ጨንቻ። በየቀኑ እርምጃውን ወደ ኪሎ ሜትር እየቀየረ ምልክት ያደርጋል።

«ነገ ወራቤ ይገባሉ» አላቸው በነሐሴ መጀመሪያ። «አጎቴ ቤት ይደሩ። የኑሪ ሰው ነኝ ይበሉ፣ ያስገቡዎታል።»

«ኑሪ የእኔ ሰው ነው እንጂ።»

«እሱን እነሱ አያውቁም።»

በዚያው ነሐሴ መቅለል ጀመሩ። በፊት ሆዳቸው የድሩን ጫፍ ይነካው ነበር። አሁን ቀበቶአቸው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሱ፤ በሁለት ሳምንቱ ሌላ። አይዳ ቅዳሜ መጥታ አቅፋቸው እጆቿ ከጀርባቸው ሲገናኙ አለቀሰች፣ በደስታ። ጎረቤት ግን እንደ ልማዱ ደነገጠ። እዚህ ሰፈር መወፈር ምርቃት ነው፤ የቀጠነ ሰው ሲታይ «ምን ነካው» ይባላል።

«ጋሽ ሲላስ፣ ምነው ከሱ?» አለቻቸው እናቴ።

«ከሳ አይባልም» አሏት ጣታቸውን አንሥተው። «ከሳ የሚባለው የታመመ ነው። ቀነሰ ነው የሚባለው። አይዳ ነግራኛለች።»

ይህን ቃል ለሰው ሁሉ አስተማሩ። ቸርቻቸው ውስጥ ሳይቀር «ወንድም ሲላስ ቀነሰ» ይባል ጀመር። ሰዎች ምስጢሩን ሲጠይቋቸው «መሄድ ነው» ይላሉ፤ እንዴት እንደሚሄዱ ግን ለሁሉም አይነግሩም ነበር።

አሁን ወደ ኋላ ሳየው ሁሉም ነገር ፊታችን ነበር። ከጉድጓዱ ጠርዝ የነበረው ሃይላንድ በሦስት ሊትር ጀሪካን ተተካ፤ እሱም ከቀትር በፊት ያልቃል። «ላብ ስለሚወጣኝ ነው» ይላሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ዓይናቸው ቀጭኑን ክር መለየት ስላቃተው መርፌ እኔ ነበርኩ የማሾልክላቸው። ኪኒኑ ነሐሴ መጨረሻ አለቀ። የቀጠሮው ቀን አለፈ።

«ሲስተሯ ዘንድ አይሄዱም እንዴ?» አልኳቸው።

«መስቀልን ጨንቻ ልድረስና። ከዚያ ቀጥ ብዬ ገብቼ ሚዛኑ ላይ እቆምላታለሁ። ታየኛለች።»

መስከረም አሥራ ስድስት ከሰዓት በኋላ ኑሪ ካርቶኑን ነቅሎ ግቢ ድረስ ይዞ መጣ። የመጨረሻው ምልክት ጨንቻ ላይ አርፏል። «እንኳን በሰላም ገቡ» አላቸው፣ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። ጋሽ ሲላስ ልባቸው በጣም ተነካ። ስልኩን ከቁርጭምጭሚታቸው ፈትተው አገር ቤት ላለው ታላቅ ወንድማቸው ደወሉ። በጋሞኛ ነበር ያወሩት፣ እትዬ ሚልካ ናቸው የተረጎሙልን። «ደረስኩ» አሉት። ወንድምየው ከስድስት ዓመት በኋላ ይህን ሲሰማ ቀልድ መሆኑ አልታየውም። «የት ጋ ነህ፣ የት መጥቼ ልቀበልህ?» አለ። ከኋላው ሰዎችን ሲጠራ ይሰማል። ጋሽ ሲላስ ስልኩን ለሚስታቸው ሰጥተው ወጡ፤ እሷ ታስረዳው ብለው።

ከዚያ በኋላ መንገድ ባይቀራቸውም ስልኩን ማሰር አላቆሙም።

ጥቅምት ላይ ሥራቸው ተበላሸ። የጋሽ ሲላስን ጨርቅ ሰው የሚፈልገው እንከን ስለማይገኝበት ነበር። አሁን ግን ነጠላው ሲዘረጋ፣ በየስንዝሩ ሁለት ማግ ባንድ መንገድ የሄደበት መስመር ይታያል። ይህ የሚሆነው ሸማኔው አንዱን ገመድ ረግጦ ሌላውን ረግጫለሁ ብሎ ሲያስብ ነው። ጀማሪ እንጂ የአርባ አምስት ዓመት ሸማኔ አይሠራውም። እትዬ ሚልካ ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሥተው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ሲላስ፣ ገመዱ ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል እንጂ።»

በዚያ ሰሞን ቀይ ጥበብ ያለው ቀሚስ ነበር የሚሠሩት። እትዬ ሚልካ ክር ሲያቀብሉ ጎንበስ ብለው ወደ ጉድጓዱ አይተው ነበር፤ የቀኙ ገመድ ቀልቷል። ቀዩ ክር ቀለም እየለቀቀ ነው ብለው አሰቡ። ክሩን ከሸጠላቸው ሰው ጋር ሊጣሉ ሁሉ ተነሥተው ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲህ አሰቡ። አንድ ቀን መወርወሪያው ከጋሽ ሲላስ እጅ አምልጦ ከታች ወደቀ። እትዬ ሚልካ ሊያነሡት እጃቸውን ሰደዱ። ገመዱን ነኩት፣ እርጥብ ነው። ጣታቸውን አወጡና አሸተቱት።

ገመዱ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለውን ሥጋ እስከ ውስጥ ድረስ ቆርጦታል። ጋሽ ሲላስ የሚስታቸውን ፊት ሲያዩ ነበር እግራቸውን ያዩት። እሳቸው ግን ረጋ ብለው ነበር። «አያምም» አሉ። «ምንም አያምም። አትደንግጪ።»

ጤና ጣቢያ አብሬያቸው ሄድኩ። እፀገነት በመጀመሪያ አላወቀቻቸውም። ሚዛኑ ሰባ ስምንት አለ። ጋሽ ሲላስ ከሚዛኑ ሳይወርዱ ዞር ብለው አይዋት፣ አመስግኚኝ እንደሚል ሰው።

«አሥራ ስድስት ኪሎ ቀነስኩ» አሏት። «በቀን ከአሥራ አንድ ሺህ እርምጃ በታች ሄጄ አላውቅም።» ስልኩን አውጥተው ሰጧት።

ስልኩን አየች፣ እግራቸውን አየች። «የት ነው የሚሄዱት?»

«ቤት ውስጥ። ጉድጓዱ ላይ።»

እትዬ ሚልካ በእጃቸው የመርገጡን ምልክት አሳዩአት፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ። እፀገነት ጣታቸውን ወግታ ደም ወሰደች። ማሽኑ ያወጣውን ቁጥር ጮክ ብላ አልተናገረችም፤ እኔ ግን በትከሻዋ ላይ አሻግሬ አየሁት፣ አራት መቶ ሰማንያ ስድስት። ወንበሯን ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አልቀነሱም። ከስተዋል።»

ጋሽ ሲላስ ስልኩን ከእጇ ተቀበሉና ቁጥሩን አዩት።

«ሰው በእግር በመሄድ ብቻ በአምስት ወር አሥራ ስድስት ኪሎ አይጥልም። ሁለት ሦስት ኪሎ ቢጥል ነው። ስኳሩ ነው የበላዎት። ሰውነትዎ ምግቡን መጠቀም ስላቃተው የራሱን ሥጋ እያነደደ ነበር።»

«እግሬ ሲሠራ ነው የዋለው እኮ።»

«ጣትዎ ነው ሲሠራ የዋለው። መሄድ ሌላ ነው። ሲሄዱ ጭንዎ፣ ወገብዎ፣ ልብዎ፣ ሁሉም ተሸክሞዎት ይሄዳል። ያኔ ነው ስኳሩ የሚቃጠለው። ግማሽ ሰዓት ወጥተው ቢመለሱ፣ ኪኒኑንም ባያቋርጡ...» አልጨረሰችውም። ወረቀት ሳበችና ወደ ሆስፒታል ጻፈችላቸው።

ጣቱን በዚያው ሳምንት ቆረጡት። በኅዳር ቁስሉ ወደ ላይ ወጣ፤ በታኅሣሥ እግራቸውን ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ወሰዱት፣ ጥለቱ ይታሰርበት ከነበረው ቦታ ትንሽ ከፍ ብሎ። አይዳ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ያንን መቁጠሪያ ከራሷ ስልክ ላይ ስታጠፋ አየኋት። አባቷ ሲነግሯት በነበረው ቁጥር ሁሉ ስትደሰት፣ ስትኮራ፣ ለጓደኞቿ ስታወራ እንደከረመች እኔ ነኝ የማውቀው። ጋሽ ሲላስ ግን አንድም ቀን ስሟን ከነገሩ ጋር አላነሡም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ክራንች ይዘው ነበር። ጉድጓዱን እትዬ ሚልካ በሳንቃ ከድነው ምንጣፍ አንጥፈውበታል። ጋሽ ሲላስ ምንም ሳይናገሩ ያንን ምንጣፍ ዞረው አለፉ፣ ሁልጊዜም ዞረው ነበር የሚያልፉት። ቤቱ ጸጥ አለ። እኛም ጠዋት መነሻችን ጠፋን።

በጥር ነበር መሄድ የጀመሩት። ከበራቸው እስከ ግቢው በር። ከዚያ በሳምንቱ መንገዱን ተሻግረው እስከ ኑሪ ሱቅ። በክራንች አርባ እርምጃ ያህል ነው፤ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። ኑሪ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኖ ሲመጡ እያየ ምን እንደሚል አያውቅም ነበር። አንድ ቀን አፉ እንደ ልማዱ አመለጠው።

«ዛሬስ የት ደረሱ፣ ጋሽ ሲላስ?»

ደንግጦ አፉን ያዘ። ጋሽ ሲላስ ባንኮኒውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ሱቅህ» አሉት። «ዛሬ እውነቴን ነው።»

ጻፊው ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ግጥም እንደምጽፍ ያውቃሉ፤ «ግጥም አታድርጊው፣ ሰው እንዲገባው አድርገሽ ጻፊው» አሉኝ። «አንድ ሸማኔ ተቀምጦ አገሩ ደረሰ ብለሽ ጻፊ። ይሳቁ። ሲስቁ ያነቡታል። መሄድ ጥሩ መሆኑን፣ ቆሞ መሄድ መሆኑን ጻፊ። ከሳና ቀነሰ አንድ አለመሆኑንም።» ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። በመጨረሻው ቀን፣ ለምን በአራተኛው ማለዳ እንዳልወጡ ጠየቅኳቸው። ምክንያቱ ጉልበታቸው እንዳልነበረ አውቃለሁና። ነገሩኝ። ከዚያ እጄን ይዘው «ይቺን ግን ተያት» አሉኝ።

በየካቲት አጋማሽ ትኩሳት ያዛቸው፤ በአምስተኛው ቀን አረፉ። ከቀብሩ በኋላ እትዬ ሚልካ ወረቀቶችሽን አንብቢልኝ አሉኝ። አነበብኩላቸው። የተውኩት ነገር እንዳለ ስነግራቸው፣ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ በዚያ ቀን ሱሪውን ያጠቡት እሳቸው ናቸው።

«ጻፊው» አሉኝ። «በዚህች ምክንያት ቤቱ የተቀመጠ ሰው እሱ ብቻ አይደለም።»

በሦስተኛው ማለዳ ነው። ዳገቱን አጋምሰው ሽንታቸው መጣ። ስኳር ያለበት ሰው ሽንት ጊዜ አይሰጥም። መንገዱ ስፖርት በሚሠሩ ሰዎች ሞልቷል። ወደ ባሕር ዛፉ ገባ ሊሉ ሲሉ ከቸርቻቸው ኳየር አራት ሴቶች ከላይ ሲወርዱ አገኟቸው። «ወንድም ሲላስ፣ እርስዎም ጀመሩ? ጎበዝ» ብለው ከበቧቸው። የያንዳንዷን እጅ መጨበጥ ነበረባቸው። ሦስተኛዋን ሲጨብጡ አመለጣቸው። ጋሽ ሲላስ በሌላው እጃቸው የሃይላንዱን ክዳን ከፈቱና ውሃውን እንዳለ ሱሪያቸው ላይ ደፉት። «አየሽ፣ እርጅና፣ ፈሰሰብኝ» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ መሐረብ አውጥታ ልትጠርግላቸው ጎንበስ አለች። «ተዪው ልጄ፣ ይደርቃል» አሏት። ከዚያ ያንን ዳገት እስከ ታች ድረስ ባዶውን ሃይላንድ ከፊታቸው ይዘው ወረዱ፤ ያየ ሰው ሁሉ ውሃ መሆኑን እንዲያውቅ።